ረጅሙ መንገድና የመነሻው ቀን



በበዓል ሰሞን መናኸሪያ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። አውቶቡሱ ያው አውቶቡስ፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው። ይሁንና በዋዜማው የሚነሳ መንገደኛና ከአራት ቀን በፊት የተነሳ መንገደኛ የሚያደርጉት ጉዞ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶና ተጨቃጭቆ ሲሄድ ሁለተኛው ወንበሩን መርጦ ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብም የጉልበትም አይደለም፤ የቀን ምርጫ ብቻ ነው።

በዚህ ወር ዓምዳችን ይህንኑ የቀን ምርጫ ጉዳይ በሰዓታት ሳይሆን በወራት በሚለካ ጉዞ ላይ እንመለከተዋለን። ለምሳሌነት የመረጥነው በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘውን አፓላቺያን ትሬይል የተባለውን ረጅም የእግር መንገድ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት አለን። በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ፣ ማለትም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። ይህ መንገድ ደግሞ ከእነርሱ መኖሪያ በመኪና ከሁለት ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ላይ ያልፋል። እዚያ ያደገ ወጣት አንድ ቀን «ይህን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ ልሂደው» ብሎ ቢነሳ አባትና እናት ምን ይመልሱለት? «ተው» ማለት ቀላል ነው። «መቼ ልትነሳ አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ግን ከዚያ የተሻለ ነው እንላለን፤ የጉዞው መልካምነትም ሆነ አደጋው በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነውና።

መንገዱ ምን ይመስላል?

የመንገዱን ሐሳብ በ1921 ያቀረበው ቤንተን መካይ የተባለ የደንና የፕላን ባለሙያ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘው በ1937 ሲሆን፣ በ1968 በወጣ ሕግ ብሔራዊ የእግር መንገድ ተብሎ ጥበቃ ተደረገለት። ደቡባዊ ጫፉ በጆርጂያ የሚገኘው ስፕሪንገር ተራራ፣ ሰሜናዊ ጫፉ ደግሞ በሜይን የሚገኘው ካታህዲን ተራራ ነው። በሁለቱ መካከል ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀትና 14 ግዛቶች አሉ።

የአገራችን ደገኛ የመንገዱን ከፍታ ሲሰማ ሊንቀው ይችላል። ከመንገዱ ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ እስከ 2024 ድረስ ክሊንግማንስ ዶም ይባል የነበረው፣ አሁን ኩዎሂ የሚባለው ተራራ ነው። እርሱም ከባሕር ወለል በላይ 2,025 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ነገር ግን ስፍራው ከምድር ወገብ የራቀ በመሆኑ በማርች፣ አንዳንዴም በኤፕሪል በረዶ ይጥልበታል። ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ ሰውን የሚፈትነው ከተራራው ቁመት ይልቅ የወሩ ዓይነት ነው።

ሙሉውን መንገድ በአንድ ዓመት ለመጨረስ በየዓመቱ ከ3,000 በላይ ሰዎች ይነሳሉ። የሚጨርሱት ከአራት አንድ ያህል ብቻ ናቸው።

ሁሉም በአንድ ሰሞን የሚነሳው ለምንድን ነው?

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ብርቱ መንገደኛ የዕረፍት ቀኖቹን ጨምሮ ጉዞውን በአምስት ወር ተኩል ገደማ ይጨርሳል እንበል። የሰሜኑ ጫፍ ካታህዲን የሚገኝበት ባክስተር ስቴት ፓርክ የድንኳንና የአዳር ወቅቱን በኦክቶበር 15፣ ማለትም በጥቅምት መጀመሪያ ይዘጋል። የአየሩ ጠባይ ከከፋም ተራራውን ከዚያ ቀደም ብሎ መውጣት ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ሲቆጥር ሜይ 1 ቀን የሚነሳው ጨርሶ ጊዜ የማይተርፈው ሆኖ ያገኘዋል። ኤፕሪል 1 ቀን የሚነሳው ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ፣ ማርች 1 ቀን የሚነሳው ደግሞ ኦገስት አጋማሽ ላይ ይደርሳል።

ከፌብሩዋሪ በፊት ያለው ጊዜ ጽኑ ክረምት ነው፤ ከሜይ በኋላ ያለው የመዘግየት ጊዜ ነው። በመሆኑም አብዛኛው ሰው ከማርች መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ይነሳል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ምክንያት የተፈጥሮ ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ከዚያ በላይ የሚመጣው መጨናነቅ ግን ከሰው ጠባይ የሚመነጭ ነው። ሰው የተጠጋጋ ቀን ይወዳል። ወር ሲብት፣ የወሩ አጋማሽ፣ የጸደይ የመጀመሪያ ቀን፣ ኤፕሪል 1፣ ቅዳሜና እሑድ፣ እነዚህ ሁሉ ለመነሻ የሚመረጡ ቀኖች ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቤተሰብ ከሥራ ነፃ ሆኖ ሊሸኝ ይመጣል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ለብቻው ያሰበው ቀን የሁሉም ሰው ቀን ሆኖ ይገኛል። በአንድ ማክሰኞ የተነሳና ከሦስት ቀን በፊት ቅዳሜ የተነሳ ሰው ያው ብርድና ያው ጭቃ ያገኛቸዋል፤ የሚያጋጥማቸው የሰው ብዛት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

መጨናነቁ የሚያመጣው ጣጣ

«ሰው ቢበዛ ምን ችግር አለው? ጨዋታ ይደምቃል» የሚል አይጠፋም። እውነትም ብቻውን በማያውቀው ደን ውስጥ የሚያድር ወጣት ጓደኛ ቢያገኝ መልካም ነው። ይሁንና ጉዳቱን እንመልከት።

በመንገዱ ላይ ከ250 በላይ የእንጨት መጠለያዎች አሉ። አብዛኞቹ ሦስት ግድግዳና አንድ ክፍት ፊት ያላቸው ሲሆኑ የሚያስተኙት ከደርዘን ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው። ቀድሞ የደረሰ ይተኛል፤ የቀረው ድንኳኑን ይተክላል። በአንድ ምሽት ብዙ ሰው ሲደርስ ድንኳኑ ከተፈቀደው ቦታ እየወጣ በሣርና በቡቃያ ላይ ይዘረጋል። ገና ከበረዶ የወጣ መሬት ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፤ የተጠቀጠቀ መሬት ውሃ አያሰርግም፤ ውሃ የማያሰርግ መሬት ደግሞ ይታጠባል። አፈሩ የታጠበበትን ተዳፋት ያየ ገበሬ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የጤና ጉዳይ ነው። ኖሮቫይረስ የተባለው፣ ማስታወክና ተቅማጥ የሚያስከትለው በሽታ፣ ሰዎች በተጠጋጉበትና እጅ በማይታጠብበት ስፍራ ቶሎ ይዛመታል። በዚህ መንገድ ላይም በተለያዩ ዓመታት ተከስቷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ብዙ መንገደኛ የሚተማመንበት በአልኮል የተሠራ የእጅ ማጽጃ ይህን ቫይረስ በደንብ አይገድለውም። የሚያዋጣው ሳሙናና ውሃ ነው። በተጨማሪም ከመጸዳጃ ቤት ውጪ የሚጸዳዳ ሰው ከውሃ 60 ሜትር ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ መቅበር ይኖርበታል። ውዱእ የሚያደርግም ሰው ውሃውን በዕቃ ቀድቶ ከምንጩ ራቅ ብሎ ቢታጠብ ምንጩን ለሚቀጥለው ሰው በንጽሕና ያስተላልፋል።

ሦስተኛው ለመንገደኛው ለራሱ ነው። መጠለያው ሞልቶ እንዳይጠብቀው የሚሰጋ ሰው ከአቅሙ በላይ ይፈጥናል። በመጀመሪያው ሳምንት ከአቅም በላይ መፍጠን ደግሞ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ይጎዳል። ከስፕሪንገር ተራራ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ኒል ጋፕ በተባለው ስፍራ ብዙ ሰዎች ጉዞአቸውን አቋርጠው የሚመለሱት እንዲሁ አይደለም። ወራት ለሚፈጅ ጉዞ ተዘጋጅቶ የተነሳ ሰው ገና በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ይመለሳል።

ከሕዝቡ ሸሽቶ ከአደጋው መግባት

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዱ «ከሁሉም ቀድሜ እነሳለሁ» ብሎ በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ ይወጣል። በእርግጥ መንገዱን ባዶ ያገኘዋል። ነገር ግን ቀኑ አጭር፣ ሌሊቱ ረጅም፣ ልብሱና ስሊፒንግ ባጉ ከባድ ይሆናል። በረዶ የመንገዱን ምልክት ይሸፍናል። ከሁሉ የከፋው የሰውነት ሙቀት መውረድ ነው። ይህ አደጋ የሚመጣው ውሃ በሚረጋበት ብርድ ብቻ አይደለም፤ ዝናብ የበሰበሰ ሰው ነፋስ ካገኘው ከዜሮ በላይ በሆነ ሙቀትም ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ የሰው ብዛት ይናፍቃል፤ በባዶ መንገድ ላይ የወደቀውን የሚያነሳ የለምና።

ሌላው ደግሞ «ሁሉም ካለፈ በኋላ እነሳለሁ» ይላል። በኤፕሪል መጨረሻ የሚነሳ ሰው ለስላሳ አየር፣ ያበበ ደንና ሰፊ መጠለያ ያገኛል። ይህ መልካም ምርጫ ነው፤ ዋጋው ግን ጊዜ ነው። ቢታመም ወይም ቢደክመው የሚያርፍበት ትርፍ ሳምንት የለውም፤ የካታህዲን በር እየተዘጋ ነው። በበጋውም ወራት በመካከለኛው ምሥራቃዊ ግዛቶች ሲያልፍ ሙቀቱና ላይም የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር ይጠብቁታል፤ በየማታው ገላን መፈተሽ ግድ ነው።

ሦስተኛው መንገዱን ገልብጦ ከሰሜን ይጀምራል። ከካታህዲን በጁን ወይም በጁላይ ተነስተው ወደ ደቡብ የሚወርዱ ጥቂቶች ናቸው፤ ስለዚህ መጨናነቅ የለም። ግን የመንገዱ እጅግ ከባዱ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይገጥማቸዋል። ከካታህዲን ወረድ ሲሉ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከተማ የማይገኝበት ደን አለ። በጁን ደግሞ ትናንሽ ተናካሽ ጥቁር ዝንቦች ሰውን ያስመርራሉ።

የወይዘሮ ኤማ ጌትዉድ ታሪክ በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣል። ወይዘሮዋ የ11 ልጆች እናትና የልጅ ልጆች ያዩ አያት ነበሩ። በ1954 ጉዞአቸውን የጀመሩት ከሰሜኑ ጫፍ ነበር፤ በሜይን ደን ውስጥ መንገድ ስተው ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ67 ዓመታቸው፣ በሜይ መጀመሪያ ከደቡብ ተነሱ፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ ካታህዲን ላይ ደረሱ። ሙሉውን መንገድ በአንድ ወቅት ብቻቸውን የተጓዙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ጉልበታቸው በአንድ ዓመት አልጨመረም፤ ዕድሜያቸውም አልቀነሰም። የተለወጠው የመጡበት ልምድ፣ የመነሻው ቦታና የመነሻው ወቅት ነው።

ከመሐል መጀመር

ለሕዝቡም ለመሬቱም ይበልጥ የሚስማማ አራተኛ መንገድ አለ። ይህም ጉዞውን ከመሐል ጀምሮ በሁለት ከፍሎ መሄድ ነው። ለዚህ የሚመረጠው ከተማ ሐርፐርስ ፌሪ ነው። የፖቶማክና የሼናንዶዋ ወንዞች የሚገናኙባት ይህች ትንሽ ከተማ በዌስት ቨርጂኒያ ስትገኝ፣ የመንገዱን ጥበቃ የሚመራው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤትም በእርሷ ነው። ከዋሽንግተን በባቡር ይደረስባታል።

በዚህ አካሄድ መንገደኛው በኤፕሪል አጋማሽ ወይም መጨረሻ ከሐርፐርስ ፌሪ ተነስቶ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ በበጋው ካታህዲንን ያያል። ከዚያ በተሽከርካሪ ወደ ሐርፐርስ ፌሪ ተመልሶ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ስፕሪንገር ተራራ ላይ በበልግ ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መንገድ ቀለል ያለ ነው፤ ሰውነት ቀስ እያለ ይለምዳል። የካታህዲን መዘጋት አያስጨንቀውም። ከደቡብ የሚመጣው ትልቁ የሰው ማዕበል፣ መንገደኞቹ «አረፋ» የሚሉት፣ ገና ሩቅ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ልጁ በጉዞው የመጀመሪያ ሳምንታት ከቤቱ ብዙ አልራቀም። ጫማው ቢጠብበት፣ ዕቃው ቢከብደው፣ ቢታመምም ወንድሙ ወይም አጎቱ በመኪና ሊደርስለት ይችላል። ሙሉውን መንገድ ማሰብ ለሚከብደው ደግሞ የሦስት ቀን ጉዞ አድርጎ መመለስም ጉዞ ነው።

ቀን ስንመርጥ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ቀኑን አስቀድሞ በእርጋታ መምረጥ ይገባል። የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን።

አንደኛ፣ ከመጨረሻው መጀመር። የትኛው በር መቼ እንደሚዘጋ ማወቅ፣ ከዚያ የራስን የእግር ፍጥነት ሳያጋንኑ ወደ ኋላ መቁጠር፣ በዚያም ላይ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለሕመምና ለዕረፍት መጨመር።

ሁለተኛ፣ በተገኘው ሰሞን ውስጥ የተጠጋጉትን ቀኖች መዝለል። ከማርች 1 ማርች 4፣ ከቅዳሜ ረቡዕ ይሻላል። ይህ ምንም ዋጋ የማያስከፍል ለውጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ሌሎች መቼ እንደሚነሱ መጠየቅ። የአፓላቺያን ትሬይል ጥበቃ ድርጅት መንገደኞች የመነሻ ቀናቸውን በፈቃዳቸው የሚያስመዘግቡበት ነፃ አሠራር ዘርግቷል። የሚመዘገብ ሰው በዚያ ቀን ስንት ሰው እንዳለ አይቶ ሌላ ቀን መምረጥ ይችላል። በአሜሪካ ምዕራብ የሚገኘውና 4,270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ፓሲፊክ ክሬስት ትሬይል ግን ነገሩን በፈቃድ ብቻ አልተወውም። ከሜክሲኮ ድንበር ተነስተው ወደ ሰሜን ለሚሄዱ የረጅም ርቀት መንገደኞች በቀን ከ50 ሰው በላይ ፈቃድ አይሰጥም። ሰው በራሱ ካልተከፋፈለ ሕግ ያከፋፍለዋል ማለት ነው።

አራተኛ፣ የራስን የቤተሰብ ዘመን አቆጣጠር ማየት። ለሙስሊም ቤተሰብ ይህ ማለት ረመዷንና ዒድ ናቸው። በ2025 ረመዷን የገባው ማርች 1 ገደማ ነበር፤ የመንገደኞች ወቅት ከሚጀምርበት ቀን ጋር ገጠመ ማለት ነው። የጨረቃ ዓመት አጭር በመሆኑ ወሩ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀደም እያለ ይመጣል። ስለዚህ ጾሙን ከቤተሰቡ ጋር ጨርሶ፣ ዒድንም አክብሮ የሚነሳ ወጣት ስንቅ የያዘ አካልና የረካ ልብ ይዞ ይወጣል፤ ቀኑም የተጠጋጋ ስላልሆነ ከብዙ ሰው ግፊያ ይድናል።

አምስተኛ፣ የመመለሻን ቃል መስጠት። ቀኑ ምንም ያህል ቢመረጥ አየሩ ሊከፋ ይችላል። «አየሩ ከከፋ ሁለት ቀን እቆያለሁ፣ ወይም እመለሳለሁ» ብሎ ለወላጅ ቃል መስጠት ውርደት አይደለም። ተራራው በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ነው።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ረጅም መንገድ ሲያስብ የምትፈሩት ርቀቱን ነው። እኛ ግን ከርቀቱ ይልቅ ቀኑን ጠይቁ እንላለን። ቀኑን በምክንያት መርጦ ማስረዳት የቻለ ልጅ ብዙውን ነገር አስቦበታል ማለት ነው። «ጓደኞቼ በዚያ ቀን ስለሚነሱ ነው» ካለ ግን ገና አላሰበበትም፤ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ቁጠሩ።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች፣ ከሕዝብ መራቅን የምትፈልጉት ጸጥታን ለማግኘት ከሆነ መልካም ነው። ሌላም ምክንያት ጨምሩበት። እናንተ በተጨናነቀው ቀን ሳትነሱ ስትቀሩ በመጠለያው ውስጥ አንድ ደካማ የሚተኛበት ቦታ ተርፏል፤ አንድ ድንኳን የሚያደቀው ሣር ድኗል፤ በምንጩም ዳር ወረፋው በአንድ ሰው አጥሯል። ያንን ሰው አታውቁትም፤ እርሱም አያውቃችሁም። ነገር ግን ከቤታችሁ ሳትወጡ፣ ቀን በመምረጥ ብቻ አግዛችሁታል።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ድረስ አላህ በጤና ያቆየን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።